ለሰው ብለው የመጡት ግንበኛ

ለራሱ ፈልጎ የማያውቅ ሰው የሌለበት ሰፈር ካለ ንገሩኝ፤ ሄጄ አይቼ ልመለስ። ይህ ሰው ኮት ሊገዛ ይገባና «ለወንድሜ ነው» ይላል። ከዚያ ራሱ ለብሶት መስታወት ፊት ሲሽከረከር ይውላል፤ ወንድምየው በቁመትም በሆድም ቁርጥ እሱን ነዋ! ሐኪም ቤት ይሄድና የገዛ ወገቡን በሁለት እጁ ደግፎ «አንድ የማውቀው ሰው ወገቡን ያመዋል፤ ምን ይሻለዋል?» ይላል። ሐኪሙ «ሰውየው ራሱ ይምጣ» ያለው እንደሆነ ደግሞ ይቆጣል። «ሥራ ይዞታል እኮ!»

በዚህ ሙያ አቻ ያልተገኘላቸው ክቡር ግንበኛ፣ ሰፈሩ «ጋሽ ለሰው-ነው» ብሎ ስም ያወጣላቸው ናቸው። እሳቸውም ስሙን ሲሰሙ ደስ ይላቸዋል፤ ምስጋና ይመስላቸዋል።

የሰፈሩ ቤተ መጻሕፍት ላይብረሪያን ግን የምትፈልገውን አትደብቅም። ማንበብ ለማይችሉ አዋቂዎች ትምህርት መክፈት ፈለገች፤ ዋና ኃላፊውን ስትለምን ከረመች። በመጨረሻ የተሰባበሩ ወንበሮች የታጎሩበትን የጓሮ ክፍል ሰጣትና «እስከ ወሩ መጨረሻ ተማሪ ካልመጣ ወንበሮቼ ይመለሳሉ» አላት። እሷም ወንበሮቹን አስወጣች፣ ክፍሉን ጠረገች፣ ጥቁር ሰሌዳ አቆመች፤ «ማንበብና መጻፍ ለማይችሉ» የሚል ማስታወቂያ በሚያምር የእጅ ጽሑፍ አዘጋጅታ ውጭው በር ላይ ለጠፈች። ማንም ዝር አላለም። ጠበቀች፤ አሁንም የለም። አንድ ጠዋት ስትገባ ማስታወቂያውን ቀና ብላ አየችውና ግንባሯን በመዳፏ መታች። «ወይኔ ጉዴ! ለማን ነው የጻፍኩት?»

ገንጥላ ጣለችውና እንደ ታክሲ ረዳት በሩ ላይ ቆማ ያለፈ ያገደመውን በአፏ ትጠራ ጀመር። ቀድመው ብቅ ያሉት ጋሽ ለሰው-ነው ናቸው፤ እጃቸው ላይ ሲሚንቶ ደርቋል።

«ለእኔ እንዳይመስልሽ የኔ ልጅ፤ ለሰው ነው። አንድ ጎረቤት አለኝ።»

«ያምጡት ጋሼ፤ ደስ ይለናል።»

«ዕድሜው ገፋ ያለ ነው። እንግዲህ የእኔ እኩያ በዪው። እጁም ሻካራ ነው፤ እርሳስ እሺ ይለዋል?»

«ይለዋል።»

ወደ ክፍሉ አጮልቀው አዩና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ቢሳሳት ይሳቅበታል?»

ላይብረሪያኗ ይሄኔ ነገሩ ገባት፤ ፊቷን ግን አልለወጠችም። «እዚህ ቤት የሳቀ ከእኔ ጋር ነው የሚጣላው» አለች።

በማግስቱ ጎረቤትየው አልመጣም፤ ሥራ ይዞት ነው አሉ። ጋሽ ለሰው-ነው ግን የባለቤታቸውን እህት፣ ጫማ ጠጋኙንና አትክልት ሻጯን እየነዱ መጡ። ችግሩ ተማሪ ነኝ የሚል መጥፋቱ ነው። የባለቤታቸው እህት አትክልት ሻጯን አጅባ ነው የመጣችው። አትክልት ሻጯ ጫማ ጠጋኙን። ጫማ ጠጋኙ ደግሞ ጋሽ ለሰው-ነውን። እሳቸው እንኳን ሊቀመጡ፣ በሩን ተደግፈው ኮርኒሱን ይመረምራሉ። ላይብረሪያኗ በየቀኑ ሰሌዳው ላይ ፊደል እየጻፈች ለግድግዳው ታስተምራለች፤ አጃቢዎቹ እርሳስ አይነኩም፣ ቀርተውም አያውቁ። ከንፈራቸው ግን ቀስ እያለ ይንቀሳቀስ ነበር።

ወሩ አለቀ። ዋና ኃላፊው ወንበር ያሸከማቸውን ሁለት ሰዎች አስከትሎ መጣ።

«ተማሪዎችሽ የታሉ?»

«እነዚሁ ናቸው።»

ወደ አትክልት ሻጯ ዞረ። «እርስዎ ተማሪ ነዎት?»

«ኧረ እኔ አጃቢ ነኝ!»

«እኔም» አለ ጫማ ጠጋኙ። የባለቤታቸው እህትም ነጠላዋን እያስተካከለች ራሷን ነቀነቀች።

«ሁሉም አጃቢ ከሆነ ታዲያ ሙሽራው የት አለ?» አለ ኃላፊው። መልስ ሳይጠብቅ «ወንበሮቹን አስገቡ» ብሎ አዘዘ።

ላይብረሪያኗ «ማንበብ አይችሉም እኮ፣ አፍረው ነው!» ብትል ክፍሉ ይተርፍላት ነበር። ግን እንዴት አድርጋ? አምነዋት የመጡ ሰዎች፣ በሰው ፊት! ከንፈሯን ነክሳ ለወንበሩ መንገድ ለቀቀች። የመጀመሪያው ወንበር ገባ።

በሩ ላይ ጉሮሮ ሲጠረግ ተሰማ።

«ሙሽራው እኔ ነኝ» አሉ ጋሽ ለሰው-ነው። ግንባራቸው በላብ ተጠምቋል። «ማንበብ የማልችለው እኔ ነኝ። ጎረቤት የሚባል የለም። እነዚህ እኔን አጅበው ነው፤ አታስወጧቸው።»

ሰውየው የገዛ ጉዳያቸውን ሲናገሩ ያን ቀን የመጀመሪያቸው ነው፤ እሱንም ቢሆን ለሰው ብለው ነው።

«እኔም አልችልም» አለች የባለቤታቸው እህት። «እኔም» አለች አትክልት ሻጯ። ጫማ ጠጋኙ ደግሞ እጁን ዘርግቶ ከጠረጴዛው ላይ እርሳስ አነሳ።

ኃላፊው የገባውን ወንበር አየ፣ ሰዎቹን አየ። «በሉ ወንበሮቹን አስጠግኑና ስጧቸው» ብሎ ወጣ። ላይብረሪያኗ «እፎይ!» አለች፣ ድምፅ አውጥታ፤ ሰሌዳውን በጀርባዋ ተደገፈች። ልብሷ በጠመኔ ነጭ ቢሆንም ግድ አልሰጣት፤ ሳቋም እንባዋም አንድ ላይ መጣ።

አሁንማ ጋሽ ለሰው-ነው አልተቻሉም! መንገድ ላይ የየሱቁን ስም ጣታቸውን ቀስረው ጮክ ብለው ሲያነቡ፣ ከኋላቸው ያለው እግረኛ ቆሞ ይጠብቃል። ዕድሜ ልካቸውን የተሸከሙት የሲሚንቶ ከረጢት ላይ «እርጥበት እንዳይነካው» የሚል ተጽፎ ቢያገኙ ደግሞ ተናደዱ። «ይኼንንማ እኔ እነግራቸው ነበር!»

ትናንት በትልቁ የንባብ አዳራሽ የተቀመጠ አንባቢ ትዕግሥቱ አለቀ። «እህቴ፣ እባክሽ የጓሮውን በር ዝጊልን፤ ሰውዬው አላስነብብ አሉ።»

ላይብረሪያኗ ተነሥታ ሄደች፤ የበሩን እጀታ ያዘች። ከውስጥ ጋሽ ለሰው-ነው አንድ ረጅም ቃል ላይ ተጣብቀው ይታገላሉ፤ ይጀምራሉ፣ ይቆማሉ፣ ይመለሳሉ። እጀታውን ለቀቀችና ወደ አንባቢው ዞረች።

«ትንሽ ይታገሡ» አለችው። «ሊጨርሱት ነው።»