ሐሳቧን በሰው መዳፍ የምታስቀምጠው ሲትና

ሐሳብ የሚፈልቅላቸው ሰዎች አንድ ዓይነት ናቸው፤ ወረቀት ባለበት ቦታ ምንም አይመጣላቸውም። ከዚህ ወገን ለእኛ ሰፈር የደረሰችው ክብርት ሐጃ ሲትና ናት፤ በሱዳኗ ከሰላ ሙሽሮችን በሂና የምታስጌጥ ጎረቤቴ። ቤቷ ተቀምጣ ስታስብ የሚታያት ግድግዳው ብቻ ነው። አዲስ ንድፍ የሚመጣላት ሽንኩርት ስትመርጥ፣ ሐኪም ቤት ተራ ስትጠብቅ፣ ለቅሶ ቤት ሰው ሁሉ አንገቱን በደፋበት ሰዓት ነው።

ያን ጊዜ በላስቲክ የተጠቀለለውን ሂና ከቦርሳዋ ታወጣና አጠገቧ ያለውን ሰው አፈፍ ታደርጋለች። «እጅህን ስጠኝ! ሊጠፋብኝ ነው!»

ደብተር ግዢ ብያታለሁ። «ደብተር ጣት አለው እንዴ?» አለችኝ። የራሷ እጆች ደግሞ እስከ ክርን ሞልተዋል።

አንዴ ባሚያ ሻጩ ሐሚድ መዳፍ ላይ ባለ አበባ ሐረግ ስላበት ሄደች። እኛ ዘንድ ወንድ እጁን ሂና የሚቀባው ሲያገባ ነው፤ ሚስቱ «ማንን አገባህብኝ?» ብላ ሦስት ቀን አላናገረችውም። ሲትና በነጋታው ስትመጣ ይቅርታ ልትጠይቀው መስሎት ነበር። «መዳፍህን ዘርጋ፣ ንድፉን ልገለብጠው ነው» አለችው።

ይህች ሴት በገዛ ልጇ ሠርግ ሐሳብ ነጠፈባት። ተስኒም «እናቴ ማንም ላይ ያልሳለችውን ትስልልኛለች» ብላ ለጓደኞቿ ሁሉ አውርታለች። የሂናዋ ቀን ሐሙስ ነው፤ እስከ ማክሰኞ ምንም የለም።

ማክሰኞ ከገበያ በአውቶብስ ስንመለስ ሲትና ድንገት ክንዴን ያዘችኝ። መጣላት! ሂናውን አወጣች። የሚያውቋት ተሳፋሪዎች እጃቸውን ኪሳቸው ከተቱ። ከዚያ የእኔን እጅ አየችና ሂናውን መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ጨመረችው።

«ተይው፣ ይቅር» አለች።

ገባኝ። ባሌ በሽር ከሞተ ሦስት ዓመት ሆነው። ባል የሌላት ሴት ሂና ምን ያደርግላታል ይባላል፤ የሰፈሩን ሰው ሁሉ እጅ ስትጎትት የእኔን ነክታ አታውቅም። ተናደድኩ። በልማዱ ይሁን በእሷ እንጃ።

«ሊጠፋብሽ ነው፣ እንኪ!» አልኳት።

«ሰው ምን ይላል፣ እህቴ?»

«ስለ ሐሚድም ብሏል!»

ትንሽ አየችኝና እጄን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። «ሾፌር፣ ቀስ በል!» ብላ ጮኸች። አውቶብሱ እስከ ሰፈራችን ድረስ በእግረኛ እየተቀደመ ሄደ፤ ማንም አላጉረመረመም።

ሐሙስ ከሙሽራዋ ጎን መዳፌን ዘርግቼ ተቀመጥኩ፤ ሲትና ከእኔ እያየች ተስኒም እጅ ላይ ገለበጠችው። ሴቶቹ መጀመሪያ እኔን አዩ፤ ቀጥሎ የሙሽራዋን እጅ አዩና እልልታውን አቀለጡት። አለቀስኩ። ሲትና በተከናነበችው ቶብ ጫፍ እንባዬን እየጠረገች «አትነቃነቂ፣ አውራ ጣቱ ቀርቶኛል!» ብላ ተቆጣችኝ።

ንድፉ ከእጄ ከለቀቀ ሰነበተ። አሁንም አውቶብስ ስንሳፈር ሰው ሁሉ ከእሷ ይርቃል። እኔ አጠገቧ እቀመጥና መዳፌን ጉልበቴ ላይ ዘርግቼ እጠብቃለሁ።