ባና የለበሰው ሞተር

«ካንዴላው ነው አልኩዎት እኮ፣ ጋሼ!»

«ብርድ ነው እንጂ! በሞላሌ ውርጭ ደጅ አሳድረኸው?»

ከአዲስ አበባ መንዝ ድረስ የመጣው ያጎቴ ልጅ ከአባቴ ጋር የሚከራከረው አልነሳ ስላለችው አሮጌ የስፖርት መኪናው ነው። እህቴ ዛሬ ደብረ ብርሃን የሥራ ፈተና አለባት፤ አውቶቡሱ ደግሞ ሄዷል።

አንባቢ ሆይ፣ በግ ያረባ መንዜ የማያክመው ነገር ያለ ይመስልሃል? ለእሱ ሞተርም እንደ ግልገል ይበርደዋል። አባቴ የሱፍ ባናቸውን እሳት ዳር አሙቀው፣ የሞተሩን ሽቦዎች አንድ በአንድ አሹ። ከዚያ ባናውን ለሞተሩ አልብሰውት ጠበቁ።

«በል አስነሳው።»

ሞተሩ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ተነሳ።

«እርጥበት ነበር» አለ ያጎቴ ልጅ፣ እንደ ሊቅ።

«እኔስ ምን አልኩ?»

እህቴ ማስረጃዎቿን ታቅፋ ከቤት ወጣች። «ማን እንደረታ ስመለስ ይነግሩኛል፣ አባዬ» ብላ መኪናው ውስጥ ገባች፤ በሩ ተዘጋ።