የሴቶቹ ጥግና የመጋረጃው ሚስማር

ወንዶች መስመር ሲያሰምሩ መጀመሪያ የሚለኩት የራሳቸውን እግር ነው። ተቆጡኝ እንግዲህ! ቁጣችሁ ሲበርድ ግን ይህን ስሙ።

እዚህ አውሮራ ከተማ፣ ፒዮሪያ ስትሪት ላይ ድሮ ሶፋ ይሸጥባት የነበረች አንዲት ክፍል ተከራይተን እንሰግድባታለን። ከፊት ወንዶቹ፣ ከመጋረጃው ኋላ እኛ ሴቶቹ። ታክሲ ነጂው ጀማል የሰልፉን መስመር ምንጣፉ ላይ በፕላስተር ሲለጥፍ ሁሉንም አጋደለው። የወንዶቹ ቦታ ሰፊ ስለሆነ ምንም አልጎዳቸውም። በእኛ ጠባብ ቦታ ግን አንዱ መስመር ሦስት ሴት እንደያዘ ከግድግዳው ይላተማል፤ ጥግ ላይ የሚተርፈው ሳምቡሳ የምታህል ቦታ ናት… የዘገየች ጫማ መደርደሪያው ሥር ትሰግዳለች። እኔ ራሴ አንድ ጁምዓ የማን እንደሆነ ከማላውቀው ቡት ጫማ ጋር ተፋጥጬ ሰግጃለሁ።

ከአራተኛ ክፍል አላለፍኩም። ነገር ግን ሟቹ ባለቤቴ ግንበኛ ነበር፤ ማዕዘኑን በብረት መለኪያው በስኳድራ ሲይዝ ክሩን የምወጥርለት እኔ ነበርኩ። የተጋደለ ነገር እንቅልፍ ይነሳኛል! ስለዚህ ሐሙስ ከሰዓት ክፍሉን ላጸዳ ብዬ ቁልፉን ተቀበልኩ። ትምህርት ከተዘጋላት የልጅ ልጄ ከሰሚራ ጋር ፕላስተሩን ሁሉ ልጠን፣ ከግድግዳው ጋር ቀጥ አድርገን ለጠፍነው። ጉልበቴ ተላጠ፤ ግን አማረ።

ዓርብ ጀማል ቀድሞ ገባ። ምንጣፉን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ።

«እማማ፣ ይሄ መስመር እኮ የሚያሰግደን ወደ መካ ሳይሆን ወደ ኮሜርስ ሲቲ መጋዘን ነው።»

ቂብላው! ለካ እሱ የመካን አቅጣጫ በኮምፓስ ነበር የለካው። መካ ያለችው ከፊት ግድግዳው ቀጥታ ሳይሆን ወደ ቀኝ ዘንበል ብላ ነው። ከመጠምጠም መማር ይቅደም የተባለው ለእኔ ኖሯል።

ሰሚራ የጫማ ካርቶን ክዳን አምጥታ ጥጉን ምንጣፉ ላይ አሳረፈች።

«አያቴ፣ ይሄ ናይንቲ ዲግሪ ነው። መስመሩ ፐርፐንዲኩላር የሚሆነው ለቂብላው ነው፤ ለዎሉ፣ ማለት ለግድግዳው፣ አይደለም፣ ኦኬ?»

አንዱን ጠርዝ ወደ ቂብላው ስታዞረው፣ ሌላው ጠርዝ የጀማል ፕላስተር ትቶት በሄደው ምልክት ላይ ልክ ገጠመ። ምን ልበል? ተሸነፍኩ። ግን ክዳኑን ከእጇ ተቀበልኩና ወደ መጋረጃው ሄድኩ። ክዳኑ ከመጋረጃው ጋር አልገጠመም!

«ጀማል፣ ይሄን መጋረጃ በምን ለክተህ ሰቀልከው?»

«በግድግዳው ነዋ፣ እማማ።»

«ሰልፉ በቂብላ፣ መጋረጃው በግድግዳ? እንዴት ያለ ፍርድ ነው?»

ራሱን አከከና መጋረጃው ከሰልፉ ጋር እንዲጋደል ተስማማ። መጋረጃው ጫፍና ጫፉ ላይ በተመቱ ሁለት ሚስማሮች የተያዘ ነው፤ አንደኛው ጫፍ ባለበት ይቀራል፤ ሌላው ይነቀላል። የግራው ከቀረ የቀኙ ወደ ኋላ መጥቶ እኛን መንገድ ላይ ያወጣናል። የቀኙ ከቀረ ግን የግራው ወደ ወንዶቹ ይገባና ሦስት ሙሉ ሰልፍ እናገኛለን። የሰሚራ ጂኦሜትሪ የቱ ጫፍ ይነቀል እንደሆነ አይናገርም። ጀማል መዶሻና ወንበር ይዞ ሲመጣ እኔ ከቀኙ ሚስማር ሥር ግድግዳውን በጀርባዬ ደግፌ ቆሜያለሁ። አሮጊት ገፍቶ ሚስማር የሚነቅል ወንድ ደግሞ አውሮራ ውስጥ ገና አልተወለደም።