መጋቤ ቁልፍ ቃለ ሕይወት

ዛሬ ባሕር ዳር ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሌለበት ሰፈር የለም። ለሰላምታ ብሎ ቤትዎ ጎራ ይላል፤ ገና ሳይቀመጥ ስልክዎን በዓይኑ መርምሮ፣ የዋይፋይዎን ፓስወርድ ገምቶ፣ ልጅዎ ፌስቡክ ላይ የለጠፈችውን ፎቶ ነቅፎ ይጨርሳል። እንደ ሐኪም ነው፤ ልዩነቱ ሳይጠሩት መምጣቱና በሽተኛውን ሁሉ አይተርፍም ማለቱ ነው።

ለእኛ ለሹም አቦ ሰፈር የደረሰን ቃለ ሕይወት ነው። ጎረቤቱ ተሰብስቦ «መጋቤ ቁልፍ» ብሎ ሾሞታል። መጋቤ ቁልፍ ሁለት ቃል ያዘወትራሉ፦ «ይኸ ክፍት ነው» እና «ማንንም አትመኑ»። ያሳደጉት አክስቱ ወይዘሮ እናትዓለም እነዚህን ሁለት ቃላት ከመስማት ብዛት የልብስ ሱቃቸውን በር ቆልፈው ሄደው፣ መንገድ ላይ ተጠራጥረው ይመለሳሉ።

ልጁ የዘጌ ነው። አባቱ መሪጌታ ጥዑመ ልሳን እዚያው ዜማ ያስተምራሉ፤ ወንበራቸውን ለልጃቸው ሊያወርሱ ነበር ሐሳባቸው። እሱ ግን ለትምህርት አክስቱ ዘንድ በመጣ ጊዜ መስታወቱ በተሰነጠቀ ስልክ ኮድ መጻፍ ጀመረ። መምህር የለው፣ ክፍል የለው። ማን አስተማረህ ሲሉት «ስሕተት» ይላል። እየተሳሳተ፣ እያረመ ለአንድ የጀልባ ማኅበር ድረ ገጽ ሠራ። ወደ ሐይቁ ገዳማት ለሚሄድ እንግዳ ቦታ የሚያስይዝ፣ ያማረ ገጽ ነበር። አንድ ቀን ጧት ሲከፍተው የቤተ ክርስቲያኑ ፎቶ ጠፍቶ የቁማር ማስታወቂያ እየተሽከረከረ አገኘው። ወይዘሮ እናትዓለም ያን ቀን የልጁን ፊት አይተው ሰው የሞተበት መስሏቸው ነጠላቸውን አዘቀዘቁ።

«አክስቴ፣ እስከ ዛሬ ቤት ስሠራ ኖርሁ፤ በር መግጠም ግን አልተማርሁም» አላቸው። ድረ ገጽ መሥራቱን ተወና የሳይበር ደኅንነት መማር ያዘ። የተማረውንም በጎረቤት ላይ ይለማመድ ጀመር።

ከአክስቱ ሱቅ ጎን ሞባይል የሚጠግነው ሰላህ የዋይፋዩን ፓስወርድ ለደንበኛ እንዲመች ግድግዳ ላይ ለጥፎት ነበር። ቃለ ሕይወት «ይኸ ክፍት ነው» አለው። «ታዲያ ሱቅ ዘግቼ ልሽጥ?» አለ ሰላህ። ከዚያ ወዲህ መጋቤ ቁልፍ ሲመጣ ሰላህ ተነሥቶ ግድግዳውን በጀርባው ይሸፍናል።

አክስቱን ተከትሎ ሐሙሲት ከተማ የሄደበት ለቅሶ ግን የባሰ ነበር። አውቶቡስ ላይ አጠገቡ የተቀመጡትን ሽማግሌ «አባቴ፣ ስልክዎን ሲከፍቱ ቁጥሩን አየሁት፤ ይቀይሩት» አላቸው። ሽማግሌው ስልካቸውን ብብታቸው ሥር ከትተው እስኪወርዱ ድረስ በጎን ሲያዩት ቆዩ። ድንኳን ውስጥ ደግሞ የሟቹን ልጅ እጅ ይዞ ሲያጽናና ቆየና፣ «መርዶውን ቴሌግራም ላይ ስትለጥፉ ቤተሰቡ በሙሉ ሐሙሲት ነው ብላችኋል። የባሕር ዳሩ ቤታችሁ ባዶ መሆኑን ለሌባ ነገራችሁት» አለው። ለቅሶው ቀጥ አለ። ወይዘሮ እናትዓለም መሬት ተከፍታ ብትውጣቸው በወደዱ።

በመጨረሻ ተራው የራሳቸው ሆነ።

«አክስቴ፣ የእርስዎ ፓስወርድ ምንድን ነው?»

«የክርስትና ስሜ ነዋ። እሱን ማን ያውቀዋል?»

እናታቸው በልጅነታቸው፣ መተተኛ እንዳይሰማው ለማንም አትንገሪ ብለዋቸው ነበር፤ አደራውን እስከ ዛሬ ጠብቀዋል።

«የነፍስ አባትዎ ያውቁታል። ማኅበርተኛው ያውቀዋል። ጸሎት ላድርግልዎ ላለ ሁሉ ይሰጡታል።»

«የጸሎት ሌላ ነው» አሉ፤ ተቀየሙትም።

በዚሁ ሰሞን አዲስ አበባ ያለ አንድ ድርጅት ለቃለ ሕይወት የሥራ ፈተና ሰጠው። አስፈቅዶ፣ ማንንም ሳይጎዳ፣ ሰዎች በምን እንደሚታለሉ በተግባር ፈትሾ ዘገባ ያቅርብ ተባለ። ካለፈ ይቀጠራል። ካላለፈ ኮምፒውተሩን ዘግቶ ዘጌ እንደሚመለስ ለአባቱ ቃል ገብቷል። ወይዘሮ እናትዓለም ይህን ከሰሙ ጀምሮ እህል አልወርድ አላቸው። ለቅሶ ቤት ቢያሳፍራቸውም ልጁ ሲያዝን ማየት አይችሉም።

ቃለ ሕይወት ፈቃድ የጠየቀው የኪዳነ ምሕረት ጽዋ ማኅበራቸውን የሚመሩትን ሙሴውን አቶ አካሉን ነው። አቶ አካሉ «ለትምህርትህ ከሆነ አድርግ» አሉት፤ ዝርዝሩን ሲያስረዳቸው ዜና እያዳመጡ ነበር። ማግስቱን በማኅበሩ የቴሌግራም ቡድን መልእክት ገባ፦ «ለበዓሉ በገዳም ጸሎት እንዲደረግላችሁ የክርስትና ስማችሁን እዚህ አስይዙ»፤ ከሥሩ የድረ ገጽ ሊንክ አለ። የትኛው ገዳም እንደሆነ አልተጻፈም። የላኪውም ስም የማይታወቅ ነበር። የጠየቀም የለም። እስከ ማታ ማኅበርተኛው ሁሉ አስይዞ ጨረሰ፤ አቶ አካሉማ ከነልጆቻቸው።

በማኅበሩ ዕለት ቃለ ሕይወት ተነሥቶ ቆመ።

«ያን መልእክት የላክሁት እኔ ነኝ። ገጹ የገባውን ሰው ይቆጥራል እንጂ ስም አያስቀምጥም፤ ሌባ ቢልከው ግን ያስቀምጠው ነበር። የክርስትና ስሙን ፓስወርድ ያደረገ ስንት ሰው አለ?»

ሁሉም ስልኩን ወደ ኪሱ ከተተ። አቶ አካሉ ጽዋው እጃቸው ላይ እንዳለ ደርቀው ቀሩ።

«በገዳም ስም አታለልኸን?»

«ፈቅደውልኝ ነበር እኮ፣ ጋሼ አካሉ።»

«እኔ ለትምህርት ነው የፈቀድሁ። ፈቃዴን አንስቻለሁ። ለድርጅቱም ይህንኑ ንገር።»

ከማኅበሩ ይውጣልን ያሉም ነበሩ። ልጁ ያለ ፈቃድ የተደረገ ፈተና ዋጋ እንደሌለው ያውቃል። ያኔ ወይዘሮ እናትዓለም ተነሡ።

«እኔ የራሴን ስም አላስያዝሁም» አሉ። «የእሱን ነው ያስያዝሁት። ሥራውን እንዲያገኝልኝ ብዬ።»

ቃለ ሕይወት አመድ መሰለ። ስሙን እዚህ አንጽፈውም። አቶ አካሉ እንኳ ቁጣቸውን ረስተው «ምን ሆንህ አንተ?» አሉት።

«የእኔም ፓስወርድ እሱ ነው» አለ።

መጀመሪያ የሳቁት የማኅበሩ ካህን ቄስ ወልደ ዮሐንስ ናቸው። ቀጥሎ ቤቱ በሳቅ ሞላ። አቶ አካሉ ብዙ ታግለው ነበር፤ አልቻሉም፣ ሳቁ። ሳቁ ሲበርድ ቄስ ወልደ ዮሐንስ ፈረዱ፦ «ለጸሎት የተሰጠ ስም ሜዳ ላይ አይቀርም። ልጁ የሁላችሁንም ስም እንደገና ተቀብሎ፣ ዘጌ ወስዶ ያስጸልይ። አቶ አካሉ፣ እርስዎም ፈቃድዎን ይመልሱ።»

ቃለ ሕይወት የእያንዳንዱን ማኅበርተኛ ፓስወርድ አብሮ ተቀምጦ አስቀየረ። ፈቃዱ ሲመለስለትም ዘገባውን ላከ፤ የመጀመሪያው መስመር የወደቀው ፈታኙ ራሱ መሆኑን ይናገራል። ድርጅቱ ያን መስመር አይቶ ቀጠረው። ከበዓሉ በኋላ አዲስ አበባ ይሄዳል።

ዘጌ አክስትና ልጅ አብረው ሄዱ። መሪጌታ ጥዑመ ልሳን ስሞቹን ተቀብለው ምእመኑ ፊት ጮክ ብለው ያነቡ ጀመር። ልጃቸው በእያንዳንዱ ስም ይሸማቀቃል። ጠጋ ብሎ «አባባ፣ ቀስ ቢሉ» ቢላቸው ድምፃቸውን ከፍ አደረጉ። የእሱ ስም ላይ ሲደርሱ ቆም አሉ፤ ከዚያ ሁለት ጊዜ ጠሩት። ልጁ አንገቱን ደፍቶ አለቀሰ።

በጀልባ ሲመለሱ ወይዘሮ እናትዓለም «የአንተንስ ቀየርኸው?» አሉት።

«ቀየርሁት።»

ግራ ቀኝ አየና አፉን ወደ ጆሯቸው አስጠግቶ አዲሱን ነገራቸው። ወይዘሮ እናትዓለም ክው አሉ።

«አንተ፣ እንዲህ ያለ ነገር ለሰው ይነገራል?»

«አዲስ አበባ አንድ ነገር ብሆን የሚያውቅልኝ ሰው ያስፈልገኛል፤ ከእርስዎ ሌላ ማን አለኝ?»

ወይዘሮ እናትዓለም የነጠላቸውን ጫፍ አፋቸው ላይ አድርገው ባሕር ዳር እስኪደርሱ አልተነፈሱም። በጾሙ ንስሐ ሲገቡ ቄስ ወልደ ዮሐንስ «የደበቁኝ ነገር አለ?» ብለው ጠየቋቸው።

«አንድ አለ» አሉ። «እሱን ግን ለእርስዎም አልናገርም።»