ሱፍያን ዘካርቦን

እግዚአብሔር፣ ዕቃ ባየ ቁጥር «ከምን ተሠራ?» ብሎ የሚመረምር አንድ ሰው ያላስቀመጠባት ከተማ የለችም። ለከተማችን ለመካነ ሰላም የተሰጣት ሱፍያን ነው። ሌላው ማሰሮ ሲገዛ ዋጋ ይጠይቃል፤ ሱፍያን በጥፍሩ ቋ አድርጎ ጆሮውን ይደቅናል።

ስድስት ዓመት ዐረብ አገር ሠርቶ ሲመለስ፣ ሌሎች ቴሌቪዥን ጭነው በገቡበት መንገድ እርሱ አንዲት ጥቁር ብስክሌት ይዞ ገባ። «እንኳን ደኅና መጣህ» ሳንለው «አጥንቷ ካርቦን ነው!» አለን።

በጽሕፈት ቤት ደብዳቤ ስትተይብ ዕድሜዋን የፈጀችው ወይዘሮ ወርቄ ደነገጠች።

«ካርቦን? ያ ከወረቀት ሥር ገብቶ ጣት የሚያጠቁረው?» ብላ ብስክሌቷን በነጠላዋ ጫፍ ፈተገቻት። «አይለቅም። ግን አደራህን፣ ዝናብ እንዳያገኛት!»

ሊቀ ጠበብት ሱፍያን ዘካርቦን ስብከቱን አላቋረጠም። «ከብረት ይቀላል፣ ከብረት ይጠነክራል፣ አይዝግም፤ ወላሂ!» ዳገት ላይ ግን የምናየው ብስክሌቷን በትከሻው ተሸክሞ ሲወጣ ነው። ብንስቅበት «ቅለቷ የሚታወቀው ስትሸከሟት ነዋ!» ይለናል።

ብረት በያጁ ታደለ ግን አልተረታም። «ብረት ሲሰበር እኔ አለሁለት። ካርቦንህ ማን አለው?»

ባለፈው ኅዳር በቅሎዬ ያችን ብስክሌት አይታ ደነበረች። እኔን ጣለች፤ ብስክሌቷን ረገጠች። እኔ በአምላክ ቸርነት ተረፍሁ። ከየኔታ የወረስሁት መቋሚያ ግን ከወገቡ ተሰበረ፤ የብስክሌቷም አጥንት ተሰነጠቀ።

«አባ፣ ተጎዱ? በቅሎዋስ ደኅና ናት?» አለኝ ሱፍያን፣ ብስክሌቷን ሳያያት።

ታደለ ሁለቱንም ስብራት አገላብጦ «እንጨት አልበይድ፣ ካርቦን አልበይድ» አለ። ሱፍያን አዲስ አበባ የሚጠግንለት ሰው መኖሩን ሰምቶ ሊወስዳት ተሰናዳ። ለእኔ ግን የጽዮን ማሕሌት ሦስት ቀን ብቻ ቀርቶት ነበር። ያለ መቋሚያ ጉልበቴ አያቆመኝም፤ የሌላ ሰው መቋሚያ ደግሞ የሌላ ሰው ቁመት ነው። በአርባ ዓመት አገልግሎቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ከማሕሌት ልቀር መሆኑን ለደብሩ አለቃ ነገርሁ።

በማግሥቱ ሱፍያን ይህን ሰምቶ ኖሮ፣ ታደለ ዘንድ ትቼው የሄድሁትን መቋሚያዬን ይዞ መጣ። በስብራቱ ላይ ጥቁር ቱቦ እንደ ቀለበት ተጠልቆበታል።

«ከብስክሌቷ ቆረጥህ?»

«ቆረጥኋት።»

«ትጠገናለች አላልህም ነበር?»

«ነበር። ጽዮን ግን ቀን አትጨምርልንም። አብሽሩ፣ አባ!» ብሎ ቱቦውን በጥፍሩ ቋ አደረገና ጆሮውን ደቀነ።

ማሕሌቱ እስኪያበቃ ቆምሁ። ስንወጣ የደብሩ አለቃ መቋሚያዬን ተመልክተው «መሪጌታ፣ ይህ ጥቁር ነገር ከምን ተሠራ?» አሉኝ።

በጥፍሬ ቋ አደረግሁት። «ካርቦን ነው! ከብረት ይቀላል፣ ከብረት ይጠነክራል» አልሁ። «ወላሂ» ልጨምር አፌን ስከፍት፣ ገና ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር እንዳልወጣሁ ትዝ አለኝ።