ጉልበት ሁለት

ትናንት ሌሊት ያየሁትን ሕልም ለጠላቴም አልመኝም።

እኔ ከማላውቃቸው ሰዎች ጋር በስልክ የሚና ጨዋታ የምጫወት ሰው ነኝ። ፊታውራሪ ነብሮ የሚባል ጦረኛ ፈጥሬአለሁ። «በሩን በትከሻው ገነጠለው» ብዬ እጽፋለሁ፤ መገንጠሉን የሚወስነው ግን ባለ ሃያ ፊት ዳይስ ነው። እያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ የየችሎታው ነጥብ የተጻፈበት ካርድ አለው፤ የወጣው ቁጥር ከዚያ ነጥብ ካልበለጠ ይሆንለታል። የነብሮ ጉልበት አስራ ስምንት ነው። ባለቤቴ ወይንሸት «አንተ ራስህ ጀሪካን ሳታነሳ!» እያለች ትስቅብኛለች።

በሕልሜ መርካቶ ነበርኩ። ታክሲ ነጂዎች ረጅም ሰልፍ ይዘው ተሳፋሪ ይጠብቃሉ። ሰው ሁሉ ደረቱ ላይ ካርድ አንጠልጥሏል። ክንዱ የደደረ ኩሊ አንድ ዳቦ ማንሳት አቅቶት ያለቅሳል፤ ካርዱ «ጉልበት አንድ» ይላል። ወዲያው አንዲት ኮሳሳ አሮጊት የጭነት መኪና ተሸክመው «መንገድ! መንገድ!» እያሉ አለፉ። ሳቄ መጣ። ከዚያ የራሴን ካርድ አየሁት።

ጉልበት ሁለት። ወሬ አስራ ዘጠኝ።

ቀና ስል ፊታውራሪ ነብሮ ከነጋሻው ሶፋ ላይ ተቀምጦ ስልክ ይነካካል።

«የፈጠርኩህ እኔ ነኝ» አለኝ ሳያየኝ።

«ምነው ጌታዬ፣ ሁለት ብቻ?»

«ነጥቡ አለቀብኛ። ወሬህ ላይ ጨረስኩት።»

ሶፋው ድልድይ ላይ ነበር። ወይንሸት ከድልድዩ ወደ ውጭ ተንጠልጥላለች፤ ከሥሯ ወንዙ ደፍርሶ ይጮኻል። ሮጬ እጇን ያዝኩ። ጣቶቼ ግን ቅቤ የነካቸው ይመስል መክዳት ጀመሩ። ፈራሁ። በዕድሜዬ እንደዚያ ፈርቼ አላውቅም።

«ያዘኝ እንጂ አንተ ሰው!» አለች።

መነጽር ያደረገች አህያ መጣች። የጨዋታው ዳኛ እሷ ነበረች።

«ምን ታደርጋለህ?» አለችኝ።

«እጇን አጥብቆ ጨበጠ! እግሩን የድልድዩ ብረት ላይ ተከለ! አንድ ጊዜ ተንፍሶ፣ ሚስቱን ከሞት አፍ መንጭቆ አወጣት!» ብዬ ጮህኩ።

ድልድዩ ላይ የቆመው ሕዝብ አጨበጨበ። አንዳንዱ እንባውን ጠረገ።

«አነጋገሩ ግሩም ነው» አለች አህያዋ። «ዳይስ ይጣል።»

ነብሮ ሥራ እንደፈታ ሰው እያዛጋ ጣለው። ዳይሱ ተንከባለለ፤ ቁጥር ሁለት ላይ ሊቆም ሲል ተገለበጠ።

«ሦስት» አለች።

«በአንድ ብቻ ነው እኮ የበለጠው! ድጋሚ ይጣልልኝ፣ በእናታችሁ!»

«ሕግ ሕግ ነው። ልቀቃት።»

ትንሿ ጣቴ ተከፈተች። ቀጥሎ ሁለተኛዋ። ወይንሸት ዓይን ዓይኔን ታያለች። ካርዱን ቀድጄ ጣልኩት። ዳይሱም፣ አህያዋም፣ ሕጉም ገደል ይግቡ ብዬ፣ ያለኝን ሁሉ አሟጥጬ የእጇን አንጓ ጨምድጄ ሳብኩ።

በጩኸት ነቃሁ።

ነግቷል። ወይንሸት ከአልጋው ወርዳ ወለሉ ላይ ተንበርክካለች፤ እጇ አሁንም በእጄ ውስጥ ነው።

«ልቀቀኝ! ሰበርከኝ እኮ!» ትላለች።

ለቀቅኳት። አንጓዋ ከቦታው ወጥቶ ነበር።