ለዘንዶ የተላከ ሽማግሌ

እንደ ተማረ ሰው ሥራ ፈት የለም! አትቆጡኝ፤ እኔ ከአራተኛ ክፍል ያቋረጥሁ ሴት ነኝ፣ ግን ዓይን አለኝ። ያልተማረው ሥራ ቢፈታ አጥር ተደግፎ ፀሐይ ይሞቃል፣ በቃ። የተማረው ግን ሥራ መፍታቱን ደብተር ገዝቶ ይጽፈዋል፣ ካርታም ያነሣለታል!

ልጄ ሕይወት ዩኒቨርሲቲ ሦስተኛ ዓመት ናት። በቀደም ፊቷ በርቶ መጣች። እኔ ደግሞ የልጅ ፊት ሲበራ ነው የምፈራው...

"እማ፣ አዲስ ጨዋታ ልንጀምር ነው! ቅዳሜ ቅዳሜ ሳሎኑን ትሰጪናለሽ?"

"የምን ጨዋታ?"

"አንዱ ታሪክ ያወራል፤ እኛ የታሪኩን ሰዎች ሆነን እንዲህ አደረግሁ እንላለን። መሳካት አለመሳካቱን ዳይስ ጥለን እናያለን፤ ትልቅ ቁጥር ከወጣ ይሳካል። ወራት የሚፈጅ ታሪክ ነው!"

"አንቺ ማን ነሽ?"

"አስማተኛ።"

በስመ አብ! በስንት ስለት ያሳደግኋት ልጅ!

"አንድ ቅዳሜ ብቻ" አልሁ። "እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ። ከዚያ ያበቃል።"

ፊቷ ጠቆረ። ይጥቆር!

ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ሁለት ጓደኞቿ መጡ። ተራኪው ቢኒያም ነው፤ ጢሙ ሦስት ፀጉር ሆኖ ሳለ የመንግሥታት ታሪክ ይተርካል። ሌላዋ የጨርቅ ነጋዴው ልጅ ሰሚራ ናት። "እኔ ሌባ ነኝ፣ እትዬ" አለችኝ በኩራት። አባቷ እኮ አንድ ስንዝር አጉድሎ የማይለካ ሰው ነው! ደግሞ ደስታቸው... አዲስ ደብተር፣ የተቀረጸ እርሳስ፣ ሃያ ጎን ያላትን ዳይስ እፍ እፍ እያሉ መሳም። ለፈተና እንዲህ ሲሰናዱ አይቼ አላውቅም።

እኔ ጥግ ይዤ ምስር እለቅማለሁ። ቢኒያም ድምፁን አወፈረ፦ "ድልድዩ ላይ ትልቅ ዘንዶ ተኝቷል። መንደሩ እህል ማስገባት አልቻለም!"

"እሳት እለቅበታለሁ!" አለች ልጄ። ዳይሷን ጣለች። ሁለት።

"እሳቱ ሳተው" አለ ቢኒያም። "ዘንዶው ተነሥቶ እሳት ተፋና አንቺኑ አቃጠለሽ። አንድ ጊዜ ቢደግምሽ ትሞቻለሽ።"

እንዴት ነው ልጄን እፊቴ እንዲህ የሚላት? ምስሩ ከእጄ ተበተነ።

"ቆይ! ዘንዶውን ለምን እንደተኛ ጠይቃችሁታል?"

"እማ፣ ዘንዶ እኮ ነው!"

"ቢሆንስ? አገር ቤት አንበሳሜ ያለው አጎትሽ ጎረቤቱ መንገድ ሲዘጋበት ጦር አነሣ? ሽማግሌ ላከ እንጂ! ሦስት ሽማግሌ ጋቢያቸውን ለብሰው ይሂዱ። ተቀመጡ ሲላቸው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ይበሉት።"

ቢኒያም ወረቀቱን አገላበጠ። "ሽማግሌ... እዚህ የለም፣ እትዬ።"

"ጻፍበታ! እጅ የለህም?"

ተያዩ። "እሺ፣ ዳይሱን እርስዎ ይጣሉ" አለኝ ቢኒያም። እንዳይነክሰኝ በሁለት ጣቴ ይዤ ጣልሁት። ሃያ! ጩኸታቸውን የሰማች ጎረቤቴ ሰው የሞተ መስሏት ነጠላዋን አዘቅዝቃ መጣች።

"ዘንዶው በሽማግሌዎቹ ክብር ተነክቶ 'እሺ፣ እለፉ' አለ!" ሲል ቢኒያም፣ እኔ ተናደድሁ።

"ምን ዓይነት ዘንዶ ነው? በመጀመሪያው ቀን እሺ የሚል? ይሄ ልጅ ሽምግልና አይቶም አያውቅ! 'ዘመድ ላማክርና ተመለሱ' ነው የሚባለው!"

ቢኒያም አንገቱን ሰብሮ ጻፈ። ከዚያ ድምፁን አወፈረ፦

"ዘንዶው 'ዘመድ ላማክር፤ የዛሬ ሳምንት ተመለሱ' አለ።"

ሕይወት ቀስ ብላ ወደ እኔ ዞረች። "እማ... አንድ ቅዳሜ ብቻ አላልሽም?"

ጨዋታው ከንቱ ነው፤ አሁንም እላለሁ። ሦስት ጤነኛ ልጆች በሌለ ድልድይ ላይ ሲንጫጩ መዋላቸው ያሳፍራል። ግን እናንተው ፍረዱ፤ ሽማግሌ ልኮ ከቀጠሮ መቅረት አለ? ነውር ከተሠራም ከዘንዶው በኩል ይምጣ እንጂ፣ ከእኔ ቤት አይወጣም!